የአድባሩ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ፦ ደኖቻችንና የወንጌል አማኞች ድርሻ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኖቬምበር 2025 በብራዚል ቤሌም ከተማ፣ በአማዞን ደን ደጃፍ ላይ የተካሄደው 30ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። በዚያው ሰሞን ብራዚል የሐሩር ክልል ደኖቻቸውን ሳይጨፈጭፉ ላቆዩ አገሮች በየዓመቱ ገንዘብ የሚከፍል አዲስ ፈንድ ይፋ አድርጋለች። ዕቅዱ 125 ቢሊዮን ዶላር ማሰባሰብ ሲሆን፣ በጉባኤው ሰሞን ቃል የተገባው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በታች ነበር። ከዚህም ውስጥ ኖርዌይ 3 ቢሊዮን፣ ብራዚልና ኢንዶኔዥያ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብተዋል።

ገንዘቡ ለምን አስፈለገ? ከሳተላይት ምስሎች የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው በ2024 ብቻ 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ያልተነካ የሐሩር ክልል ደን ጠፍቷል። ይህ ማለት በየደቂቃው 18 የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ደን ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋውን የበላው እሳት ነው። በ2021 በግላስጎው ከ140 በላይ አገሮች የደን ጭፍጨፋን እስከ 2030 እናስቆማለን ብለው ፈርመው ነበር። በ2022 መጨረሻም በሞንትሪያል የምድርን 30 በመቶ ለመጠበቅ፣ ከተጎዳው ሥነ ምህዳርም 30 በመቶ ያህሉን ወደ ማገገም መንገድ ለማስገባት ቃል ተገብቷል። ፊርማውና ሳተላይቱ የሚሉት አልተገናኘም።

ውድ አንባቢያን፣ እስከዚህ ድረስ ያለው የመንግሥታትና የባለሙያዎች ወሬ ሊመስል ይችላል። በአገልግሎት መድረኮቻችን ላይ የደን ነገር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስም ይኸው ነው፤ “እኛ ነፍሳትን እንድናድን እንጂ ዛፍ እንድንጠብቅ አልተጠራንም” ይባላል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ የቀሩት ጥቅጥቅ ደኖች ያሉበትን ካርታና የወንጌል አማኞች በብዛት የሚኖሩበትን ካርታ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጌዴኦ፣ ጋሞ፣ ሸካ፣ ጋምቤላ፣ የምዕራብ ወለጋና የኢሉባቦር አካባቢዎች ሁሉ አጥቢያዎቻችን በየቀበሌው ያሉባቸው ናቸው። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ በቀድሞው የደቡብ ክልል ከሕዝቡ 55.5 በመቶው ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። እንግዲህ ስለ ደን ስናወራ ስለ ሩቅ አገር ሰው አይደለም፤ ጉዳዩ የሚመለከተው የእኛኑ ምእመናን፣ የእኛኑ ሽማግሌዎችና የእኛኑ የጸሎት ቤቶች ነው።

ይህን የምጽፈው ደግሞ በትንሹ ራሴንም እየከሰስኩ ነው።

እኔ ባደግሁበት በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ፣ ከመንደራችን ምንጭ ራስ ላይ አንዲት ትልቅ ዝግባ ነበረች። ዙሪያዋን ሌሎች ዛፎች፣ ሐረጎችና ቁጥቋጦዎች ከብበዋት ትንሽ ደን ሠርተው ነበር። የአድባር ዛፍ ናት። ግንዷ ቅቤ ይቀባል፣ በዓመት የተወሰነ ቀን ሥርዋ ላይ ደም ይፈስሳል። ከእርስዋ ቅርንጫፍ የሰበረ ይታመማል፣ ልጁ ይሞትበታል ስለሚባል ለማገዶ እንኳ ወደዚያ የሚጠጋ አልነበረም። ወንጌል ወደ መንደራችን ገብቶ ብዙ ሰው ጌታን ከተቀበለ በኋላ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንዶቹ መጥረቢያ ይዘው፣ ሴቶቹ እየዘመሩ ሄዱና ዝግባዋን ጣሏት። እኔ ልጅ ነበርሁ፤ እያጨበጨብሁ አይቻለሁ። ጠንቋዩ እንዳለው ማንም አልሞተም። ከግንዱ ለጸሎት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች ተሠሩ። የዚያ ቀን ምስክርነት ለብዙ ዓመታት ተነግሯል፤ በእርሱም ምክንያት ከፍርሃት ነጻ የወጡ ቤተሰቦች እንዳሉ አውቃለሁ። ያንን ነጻነት ዛሬም አላቃልለውም።

ያልተመሰከረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዝግባዋ በወደቀች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበሩት ዛፎች አንድ በአንድ አለቁ። ማንም “ቍረጡ” ብሎ አላዘዘም፤ የሚፈራ ስላልነበረ ብቻ ነው። አንዱ ለማገር፣ አንዱ ለከሰል፣ አንዱ ለሞፈር ወሰደ። ቦታው ታርሶ ባሕር ዛፍ ተተከለበት። ምንጩ በበጋ መንጠፍ ጀመረ። ለዚህ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ከላይ ያለው ተዳፋትም በዚያው ዘመን ታርሷል። ሆኖም እናቶቻችን ውሃ ፍለጋ የሚሄዱበት መንገድ እንደ ረዘመ ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ይህ የእኔ መንደር ታሪክ ብቻ አይደለም። በጋሞ ደጋዎች፣ በሸካና በሌሎችም አካባቢዎች በባህላዊ እምነት ተከልለው የኖሩ ደኖችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ የእምነት ለውጥ ሲመጣ የክልከላው ኃይል እንደ ላላ ደጋግመው ጽፈዋል። በዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ደኑን የጨረሰችው ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። የእርሻ መስፋፋት፣ የሕዝብ ቁጥር መጨመር፣ ሰፈራ፣ ለሻይና ለቡና ልማት በሰፋፊው የተሰጠ መሬት፣ የመሬት ባለቤትነት ግልጽ አለመሆን፣ እነዚህ ሁሉ ከእኛ መጥረቢያ የበለጠ ሠርተዋል። በነገራችን ላይ በየስብሰባው የሚደጋገመው “ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር” የሚለው ቁጥርም ጽኑ ማስረጃ እንደሌለው የታሪክ ምሁራን ካሳዩ ቆይተዋል፤ ከመድረክ ባንጠቅሰው ይሻላል። ይሁን እንጂ የሌሎች ድርሻ መብዛቱ የእኛን ድርሻ አያጠፋውም።

ለመሆኑ ያንን ዛፍ ስንቆርጥ የነበረን መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረት ምን ነበር? በመንደራችን የተሰበከው የጌዴዎን ታሪክ ነው፤ መሳፍንት ምዕራፍ 6። ጌዴዎን የበኣልን መሠዊያ አፍርሶ በአጠገቡ ያለውን ቆርጦ ለመሥዋዕት ማገዶ አደረገው። ጥያቄው “የቆረጠው ምን ነበር?” የሚለው ነው። አብዛኞቻችን ያደግንበት የ1954 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ቦታ ላይ “የማምለኪያ ዐፀድ” ይላል። ዐፀድ ሲባል የአማርኛ አንባቢ ወደ ልቡ የሚመጣው ዛፍ የሞላበት ቅጥር ነው። ይህ አተረጓጎም የቆየ ነው፤ የግሪኩ ሰባ ሊቃናትም፣ የእንግሊዞቹ የኪንግ ጄምስ ትርጉምም በተመሳሳይ መንገድ የዛፎች ስብስብ አድርገውታል። የዕብራይስጡ ቃል ግን አሼራ ነው። አሼራ ደግሞ የከነዓናውያን ሴት አምላክ ስምና ለእርስዋ የሚቆም የእንጨት ምሰሶ ወይም ምስል ነው። በኋላ የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም የጣዖቷን ስም በግልጽ አስቀምጦታል። እንግዲህ ጌዴዎን የጣለው ሰው ያቆመውን ጣዖት ነው። እኛ ግን ቃሉን ሰምተን ወደ ደን ሄድን። አንድ የትርጉም ቃል በስንት ኮረብታ ላይ ስንት ዛፍ እንዳስጣለ ማን ይቆጥረዋል?

እርግጥ ነው፣ በብሉይ ኪዳን በለመለመ ዛፍ ሥር ሁሉ የሚደረገው አምልኮ ተደጋግሞ ተወግዟል። የተወገዘው ግን አምልኮው ነው። አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ ተክሎ በዚያ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ (ዘፍ. 21)። ከአምልኮተ ጣዖት ጋር የማይደራደረው የዘዳግም መጽሐፍ ራሱ፣ እስራኤል የጠላትን ከተማ ከብባ ሳለች እንኳ የፍሬ ዛፎችን እንዳትጨፈጭፍ ይከለክላል (ዘዳ. 20)። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ ጣዖት ከንቱ እንደ ሆነ፣ ሥጋው ግን ሥጋ እንደ ሆነ ያስተምራል። እኛስ “መንፈሱ በዛፉ ውስጥ የለም” ብለን ካመንን፣ ዛፉን መቁረጡ ለምን አስፈለገ? ሳናውቀው ዛፉን እንደ ጠንቋዩ ፈርተነው ነበር ማለት ነው። ደም የሚፈስስበትን ድንጋይ አንሥተን፣ ቅቤውን አጥበን፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ጸሎት ልናደርግበት እንችል ነበር። እንደዚያ ያደረጉ አጥቢያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። “አዲስ አማኞች ወደ አሮጌው ልማድ እንዳይመለሱ ምልክቱ መጥፋት አለበት” ይባላል። የእረኝነት ጭንቀት ያለበት ሐሳብ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ሆኖም ይህ ጭንቀት የሚመለከተው አንዱን ዛፍ ነው፤ በዙሪያው ያለውን ደን፣ ወፉን፣ ምንጩን ለመጨረስ ፈቃድ አይሆንም። ዋናው ችግር ይኸው ይመስለኛል። ሕዝቡን ከፍርሃት አወጣነው፤ ፍርሃት ይጠብቀው ለነበረው ደን ግን ሌላ ጠባቂ አላቆምንለትም። ባለ አደራነት የሚባለው ትምህርት በእኛ ዘንድ ስለ አሥራትና ስለ ገንዘብ ሲሰበክ እንጂ ስለ መሬት ሲሰበክ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው።

አሁን ደግሞ በደኑ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። የዓለም ሕዝብ በየጠዋቱ የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ሳይተከል በቅሎ የሚገኝበት ዋናው ቦታ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በዛፍ ጥላ ሥር፣ ከኮሮሪማና ከጥምዝ ጋር ይበቅላል። የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ከ124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው፤ የዱር አረቢካም ከነዚሁ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ገበሬ በማሳው ላይ ያለው ቡና በሽታ ሲመታው፣ ሙቀትም ሲጨምርበት፣ የሚቋቋም ዘር የሚፈለገው ከዚያ ደን ነው። ደኑ ከጠፋ ዘሩ ከየትም አይመጣም። ዩኔስኮ ካፋንና ያዩን በ2010፣ ሸካን በ2012፣ ማጃንግን በ2017 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ የመዘገባቸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ብዝኀ ሕይወት የሚለው ቃል ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ለገበሬ የተሰወረ አይደለም። አብዛኞቹ የሐሩር ክልል ዛፎች ዘራቸው በነፋስ አይበተንም፤ ፍሬውን በልቶ ሌላ ቦታ የሚጥል እንስሳ ይፈልጋሉ። ፍሬ በል ወፎች፣ ጦጣና ዝንጀሮ ሲጠፉ ዛፉ ቆሞ ሳለ ልጅ አልባ ይሆናል። ንብ ሲሸሽ ማሩ ብቻ ሳይሆን የቡናው ፍሬም ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ደን ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ግን እያለቀ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ችግኝ መትከል ነው? ከ2019 ጀምሮ በአገራችን እየተካሄደ ያለው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ በአንድ ቀን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ችግኞች መተከላቸው በመንግሥት ተገልጿል። አብያተ ክርስቲያናትም ወጣቶቻቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛው ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው። (ለችግኝም ለሰውም “መጽደቅ” የሚል ቃል ያለን ሕዝብ ቆጠራው ላይ ስንደርስ በሁለቱም ሰነፎች ነን።) ሁለተኛው ደግሞ የተተከለው ምንድን ነው የሚለው ነው። በ2019 በሳይንሳዊው ኔቸር መጽሔት የወጣ ትንታኔ፣ አገሮች ደን እናድሳለን ብለው ከገቡት ቃል 45 በመቶው ለንግድ የሚሆን አንድ ዓይነት ዛፍ መትከል እንደ ሆነ አሳይቷል። አንድ ዓይነት ባሕር ዛፍ የሞላበት ኮረብታ ለማገርና ለማገዶ ይጠቅማል፤ እኔም ቤቴን የሠራሁት በእርሱ ነው። ጉሬዛ ግን አይኖርበትም፤ ኮሮሪማም አይበቅልበትም። በምንጭ ራስ ላይ መትከል ደግሞ አይመከርም፤ ውሃ ይጠጣልና።

በ2021 በሐሩር ክልል አሜሪካና በምዕራብ አፍሪካ ባሉ በርካታ ቦታዎች ላይ ተመሥርቶ የወጣ ሰፊ ጥናት አንድ የሚያጽናና ነገር ይዟል። የተመነጠረ መሬት መሬቱ ክፉኛ ካልተጎዳና በአቅራቢያው ደን ካለ፣ ሰው ሳይተክልበት ብቻውን ቢተው በ20 ዓመት ውስጥ በአማካይ የጥንቱን ደን ጠባዮች 78 በመቶ ያህል መልሶ ያገኛል። አፈሩ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ያገግማል። የዝርያዎቹ ስብጥር እንደ ቀድሞው ለመሆን ግን ከ100 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን፤ የተጎዳው ሊመለስ ይችላል፤ ያልተጎዳውን ግን በምንም ችግኝ አንተካውም።

ስለ መልሶ ማገገም ሲነሳ የእኛው የወንጌል አማኞች ቤተሰብ የሆነ አንድ ሰው ታሪክ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ቶኒ ሪናውዶ የተባሉ አውስትራሊያዊ በ1981 ከኤስ.አይ.ኤም. ጋር ለሚሲዮን ሥራ ወደ ኒጀር ሄዱ። ኤስ.አይ.ኤም. የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ጅማሬ የሆነው ያው ሚሲዮን ነው። የሪናውዶ ሥራ ዛፍ ማስተከል ሲሆን የሚተከለው ሁሉ ማለት ይቻላል ይደርቅ ነበር። በ1983 በአሸዋ ላይ መኪናቸውን አቁመው ሳለ፣ ሁልጊዜ እንደ ተራ ቁጥቋጦ ያዩት የነበረውን ቀረብ ብለው ሲመለከቱ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ያቆጠቆጠ መሆኑን አስተዋሉ። ሥሩ አልሞተም። በየማሳው፣ በየሜዳው፣ ከመሬት በታች ደን ነበር። የሚያስፈልገው ከሚያቆጠቁጡት ጥቂቶቹን መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝ፣ ከከብትና ከመጥረቢያ መጠበቅ ብቻ ነው። በኒጀር ገበሬዎች በዚህ መንገድ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ዛፍ እንዲኖረው አድርገዋል። ሪናውዶም በ2018 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። (ባሕር ዛፍንም ይህን ዘዴ ያስፋፉትን ሰውም ያገኘነው ከአንድ አገር፣ ከአውስትራሊያ መሆኑ ያስገርማል።)

ይኸው ዘዴ ወደ ወላይታ ሁምቦ መጣ። የሁምቦ ተራራ በከሰልና በማገዶ ተራቁቶ፣ ጎርፍ ከላይ እየወረደ የታችኛውን እርሻ የሚበላበት ቦታ ነበር። በ2006 ዎርልድ ቪዥን ከሕዝቡ ጋር ሥራውን ሲጀምር ነዋሪዎች መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው ሰጉ። ስጋታቸው የቀለለው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በሕግ ሲሰጣቸው ነው። 2,728 ሄክታር ተከለለ፤ አብዛኛው የበቀለው ከተተከለ ችግኝ ሳይሆን ከአሮጌ ጉቶ ነው። በ2009 መጨረሻ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከቀደሙት ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ታቅዷል፤ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን ለመግዛት የተዋዋለው የዓለም ባንክ ነው። ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብ ማኅበራቱ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሠርተዋል። ወላይታ የወንጌል አማኞች ምድር ናት። በአንድ በኩል የአድባር ዛፍ የቆረጡ እጆች፣ በሌላ በኩል ጉቶ ገርዘው ተራራ የመለሱ እጆች የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች እጆች ናቸው።

ከጎረቤት የምንማረውም አለ፤ ይህን ማለት ለአንዳንዶቻችን ባይቀልም። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ደን ይዘው ይገኛሉ። በአብዛኛው ደጋ በታረሰበት አገር የጥንት ዛፎች ዘር የቀረው በእነዚያ ቅጥሮች ውስጥ ነው። ኢትዮጵያዊው የሥነ ምህዳር ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻው የለቀሙትን ድንጋይ ካብ አድርገው ቅጥሩን እንዲያጥሩ ረድተዋል፤ ከብት መግባት ሲያቆም ሥር ሥሩ የዛፍ ልጆች ታይተዋል። የትምህርት ልዩነታችን የታወቀ ነው። ነገር ግን የአንድ አገር ልጅ ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል ቢመለከት የኦርቶዶክሱን ቤተ ክርስቲያን በዛፉ ይለየዋል፤ የእኛን የሚለየው በቆርቆሮው ብልጭታ ነው። ቦታ ስንሰጥ መጀመሪያ የምናደርገው መመንጠር፣ ቀጥሎ በአጥሩ ዳር ባሕር ዛፍ መደርደር ነው።

ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው፤ ይህን የምለው ለማስፈራራት ሳይሆን ገበያው ራሱ እየተናገረ ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ፣ በ2025 መጨረሻ በተደረገው ማሻሻያ ለትልልቅ ነጋዴዎች ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ እንዲሆን ተወስኗል። የማሳው ቦታ በመሣሪያ ተለክቶ መመዝገብ አለበት። ሕጉ ለድሃ ገበሬ የሚያመጣው ጣጣ ብዙ ነው፤ ጫካ ሳይነካ የኖረው ገበሬ ወረቀት ስለሌለው ብቻ እንዳይቀጣ የሚያስፈራ ነገር አለው። ሆኖም ዛሬ ደን መንጥሮ ቡና የሚተክል ምእመን ካለ ምን እንደሚጠብቀው ከመድረክም ሆነ ከመድረክ በታች ሊነገረው ይገባል። ማንበብ የሚችል ወጣት ያላቸው አጥቢያዎቻችን በየቀበሌው አሉ። ገበሬው ማሳውን እንዲያስመዘግብ መርዳት ወንጌላዊውን ከሥራው የሚያወጣ አይመስለኝም።

የጌዴኦ ሰዎች በዚህ ረገድ ቀድመውናል። እንሰትን፣ ቡናንና ነባር ዛፎችን በአንድ ማሳ ላይ አስተቃቅፈው፣ እጅግ በተጨናነቀ ተራራማ መሬት ላይ ደን መሰል እርሻ አቆይተዋል። ዩኔስኮ በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የተከበሩ ደኖቻቸውንም አብሮ ነው። ዛሬ አብዛኛው ጌዴኦ የወንጌል አማኝ ነው። ማሳው እንደሚቀጥል ተስፋ አለኝ፤ የተከበሩት ደኖች ግን አሮጌው ሥርዓት ሲደበዝዝ ምን እንደሚጠብቃቸው የጌዴኦ አጥቢያዎች ሽማግሌዎች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።

የሕግ በርም አለ። በ2018 የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበርና የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። አንድ አጥቢያ ምእመናኑን አስተባብሮ በአቅራቢያው ያለውን የተራቆተ ኮረብታ ወይም የቀረ ደን በማኅበር ለመረከብ መጠየቅ ይችላል። ቤሌም ላይ ይፋ የሆነው ፈንድም ከሚከፈለው ገንዘብ 20 በመቶው በደኑ ውስጥና አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች እንዲደርስ ይላል። ክፍያው በሄክታር በዓመት 4 ዶላር ያህል ነው፤ ትንሽ ነው፤ ገንዘቡ ራሱ ገና በቃል ነው። ቢመጣ ግን የሚደርሰው ተደራጅቶ ለሚጠብቅ እንጂ ተበትኖ ለሚቆጭ አይደለም።

ወደ መንደራችን ምንጭ ልመለስ። ዘመዶቼን ልጠይቅ በሄድሁበት ጊዜ ዝግባዋን ከቆረጡት ወንዶች አንዱ የነበሩት፣ አሁን የአጥቢያው አንጋፋ ሽማግሌ የሆኑት አባባ፣ ወደ ቦታው ይዘውኝ ወጡ። ምርኩዛቸውን በባሕር ዛፎቹ መካከል እየጠቆሙ “እዚህ ላይ ነበረች፤ ያኔ ስለ ጌታ ብዬ አድርጌዋለሁ፤ አልጸጸትም። ዙሪያዋን ግን ለምን እንደ ለቀቅነው እስከ አሁን አላውቅም” አሉኝ። ከምንጩ በላይ በኩል፣ ከአሮጌ ጉቶ የወጣ አንድ የዋንዛ ቁጥቋጦ አሳዩኝ፤ ፍየል ጫፍ ጫፉን ግጦታል። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ቦታው ከንክኪ ነጻ እንዲሆን ለአጥቢያው ጉባኤ ሐሳብ አቅርበዋል። የባሕር ዛፉ ሽያጭ ለአዲሱ ጸሎት ቤት ቆርቆሮ ታስቦ ስለ ነበር አንዳንዶች ተቃውመዋል፤ አንዳንዶችም “አድባሩን ልንመልስ ነው እንዴ?” ብለዋል። ጉዳዩ በይደር ተይዟል። አባባ ግን ውሳኔውን ሳይጠብቁ የዋንዛውን ዙሪያ በእሾህ አጥረውታል።